«ክሪስታሊን» ማለት ምን ማለት ነው? የአንቲባዮቲክ ጨው ከሻጋታ ውሃ እስከ ብልቃጥ

ባለፈው ጥር፣ ወረፋው በረዘመበት አንድ ሰኞ ጠዋት፣ እኔ ወደምሠራበት የደብረ ማርቆስ መድኃኒት ቤት ከስናን ወረዳ የመጡ አንድ አባት ልጃቸውን አስከትለው ገቡ። ልጅቷ በልጅነቷ የተመላለሰባት የጉሮሮ ሕመም የልቧን ቫልቭ ስለጎዳው በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የምትወጋ ናት። አባትየው ብልቃጡን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ሲመለከቱ ቆዩና «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ። «እኔ ሳንባ ምች ይዞኝ የተኛሁ ጊዜ በየስድስት ሰዓቱ፣ ሌሊት ሳይቀር፣ ሲወጉኝ ሰነበቱ። ይቺ ደግሞ በወር አንዴ ነው። ሁለቱም ፔኒሲሊን ነው ትሉናላችሁ። አንድ መድኃኒት እንዴት ሁለት ጠባይ ይኖረዋል?» እኔም «አባባ፣ ጨዉ ስለሚለያይ ነው» ብዬ መለስኩላቸው። «ጨው?» አሉና ፈገግ ብለው ወጡ። መልሴ ስሕተት አልነበረበትም፤ ለጠያቂው ግን ምንም አልነገራቸውም። ይህ ጽሑፍ ያን ቀን ወረፋው የከለከለኝን ማብራሪያ ለመስጠት የታሰበ ነው።

በእኛ ጤና ጣቢያዎችም ሆነ ሆስፒታሎች «ክሪስታሊን» ሲባል ባለሙያው ሁሉ የሚረዳው በመርፌ ውሃ ሲበጠበጥ ወዲያው ጠርቶ በደም ሥር የሚሰጠውን ፔኒሲሊን ነው። «ቤንዛቲን» ሲባል ደግሞ ሲበጠበጥ እንደ ወተት የሚነጣውንና ጡንቻ ውስጥ ጠልቆ የሚወጋውን ነው። አጠራሩ ግን ያሳስታል፤ ቤንዛቲኑም፣ በቆይታው በሁለቱ መካከል ያለው ፕሮኬይን ፔኒሲሊንም፣ ሁሉም ክሪስታል፣ ማለትም ሞለኪውሎቻቸው በሥርዓት የተደረደሩ ጠጣር ቅንጣቶች፣ ናቸውና። ለአንደኛው ብቻ የተሰጠው ስም ሌሎቹ ገና ሳይወለዱ ከነበረ ዘመን የተረፈ ነው።

ያ ዘመን ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ ለነገሩ ይረዳል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ሻጋታው ባክቴሪያ እንደሚገድል በ1928 ለንደን ውስጥ አስተዋለ፤ ይሁን እንጂ ገዳዩን ነገር ከሻጋታው ውሃ ለይቶ ማውጣት አልሆነለትም። ያን ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው ኦክስፎርድ ላይ የያዙት ሃዋርድ ፍሎሪ፣ ኧርነስት ቼይንና ኖርማን ሂትሊ ናቸው። ያገኙት ቡናማ ዱቄት ነበር። በውስጡ የነበረው እውነተኛ ፔኒሲሊን ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ሲሆን የቀረው ሁሉ ከሻጋታው የመጣ ጉድፍ ነው። በ1941 መጀመሪያ ለአንዲት በሽተኛ ለሙከራ ሲሰጣት አንቀጠቀጣት፣ ትኩሳትም አስነሣባት። ተመራማሪዎቹ ፈትሸው ሲደርሱበት በደለኛው ፔኒሲሊኑ ሳይሆን ጉድፉ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት የካቲት ፊቱ ላይ የጀመረ ኢንፌክሽን ሰውነቱን የወረረው አንድ ፖሊስ መድኃኒቱ ተሰጥቶት ማገገም ሲጀምር መድኃኒቱ አለቀ። ከሽንቱ እየለዩ መልሰው እስከ መስጠት ቢደርሱም አልበቃውምና ሞተ። በ1943 አሜሪካ ውስጥ የፔኒሲሊን ሶዲየም ጨው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠርቶ በክሪስታል መልክ ወጣ። ከዚያ በኋላ ነጩን ዱቄት ከቡናማው ለመለየት «ክሪስታሊን ፔኒሲሊን» ተባለ፤ ቡናማው ከገበያ ሲጠፋ ስሙ ብቻ ቀረ።

ወደ ጨዉ እንምጣ። የኬሚስትሪ ሰው «ጨው» ሲል የወጥ ጨው ብቻ ማለቱ አይደለም። አሲድ የሆነ ነገር ሃይድሮጂኑን ለተቃራኒው፣ ለቤዝ፣ ሲለቅ አንዱ ኔጋቲቭ፣ ሌላው ፖዘቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛሉ፤ ተቃራኒ ሙሎች ስለሚሳሳቡም ሁለቱ ተጣምረው የሚኖሩበት ነገር ጨው ይባላል። ፔኒሲሊን ደካማ አሲድ ነው። ስለዚህ ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ፕሮኬይን ወይም ቤንዛቲን ሊያጣምሩት ይችላሉ። ባክቴሪያውን የሚገድለው በአራቱም ውስጥ ያው አንድ ፔኒሲሊን ሲሆን የሚለያየው የትዳር ጓደኛው ነው፤ ጠባዩን የሚለውጠውም ጓደኛው ነው። ዶክሲሳይክሊን፣ ስትሬፕቶማይሲንና ጀንታማይሲን ደግሞ በተቃራኒው የቤዝ ጠባይ ስላላቸው ጓደኛ የሚሆናቸው አሲድ ነው። በማሸጊያቸው ላይ «ሃይድሮክሎራይድ» ወይም «ሰልፌት» የሚል የምናየው ለዚህ ነው።

ፔኒሲሊን አሲድ መሆኑ የማንጠሩንም መንገድ ከፍቶታል። ውሃው ጎምዛዛ ሲሆን ፔኒሲሊኑ ሃይድሮጂኑን ይዞ ስለሚቀመጥ ሙል አይኖረውም፤ ሙል የሌለው ፔኒሲሊን ደግሞ ከውሃ ይልቅ ቅባትነት ወዳላቸው ፈሳሾች ያዘነብላል። ጎምዛዛነቱ ሲነሣለት ሃይድሮጂኑን ለቆ ሙል ይይዝና ወደ ውሃው ይመለሳል። ሂትሊ የደረሰበት ብልሃት ይኸው ነበር፦ ፔኒሲሊኑን በአሲድ ከውሃ አስወጥቶ ወደ ሌላው ፈሳሽ ማሻገር፣ ከዚያም አሲዱን አጥፍቶ ወደ ንጹሕ ውሃ መመለስ። አብረው የማይሻገሩት ቆሻሻዎች በመጀመሪያው ውሃ ውስጥ ይቀራሉ፤ ተሻግረው የማይመለሱት ደግሞ በቅባታሙ ፈሳሽ ውስጥ ይቀራሉ።

ዛሬም ፋብሪካዎች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ሻጋታው በትልልቅ ጋኖች ውስጥ ስኳርና አየር እየተመገበ ካደገ በኋላ ጠላ እንደሚጠለል ሁሉ የሻጋታው ክር ተጠልሎ ይጣላል፤ የሚፈለገው የተጠለለው ውሃ ነው። ውሃው ወደ ዜሮ ዲግሪ ተጠግቶ ይቀዘቅዛል፣ ፒኤቹ (የጎምዛዛነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጎምዛዛነቱ ይበዛል) በአሲድ ወደ 2 አካባቢ ይወርዳል፣ ወዲያውም ቡቲል አሲቴት ከተባለው ቅባታም ፈሳሽ ጋር በሚሽከረከር ማሽን ውስጥ ተቀላቅሎ ተመልሶ ይለያል። ማቀዝቀዙም መቸኮሉም ያለ ምክንያት አይደለም። ፔኒሲሊን በእንዲህ ያለ አሲድ ውስጥ በክፍል ሙቀት ቢቆይ በደቂቃዎች ውስጥ መፍረስ ይጀምራል፤ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ግን ሰዓታት ያገኛል። በነገራችን ላይ ይህ ፔኒሲሊን በአፍ የማይሰጠው በዚሁ ሰበብ ነው፤ የጨጓራችን አሲድ ከፋብሪካው አሲድ አይተናነስም፣ ጨጓራ ደግሞ አይቀዘቅዝም። ቡናማው ቀለም ልዩ ተደርጎ በተዘጋጀ ከሰል ይመጠጥና፣ ፖታሲየም ያለበት ውሃ ፔኒሲሊኑን መልሶ ይቀበለዋል።

እስከዚህ ድረስ የተገኘው የተሻለ ፈሳሽ ነው እንጂ ንጹሕ መድኃኒት አይደለም። ዋናው ማንጠር የሚጀምረው ክሪስታል ሲወጣ ነው፤ እሱን ለመረዳት ደግሞ ጎጃሜ ከማር የተሻለ አስተማሪ አያስፈልገውም።

በጥቅምትና በኅዳር የተቆረጠ ማር በገንቦ ተቀምጦ ሲከርም ይረጋል። ከተሜው የረጋ ማር ሲያይ ስኳር ተቀላቅሎበታል ብሎ ይጠረጥራል፤ ብዙ ጊዜ ጥርጣሬው መሠረት የለውም። ማር በዋነኛነት ግሉኮስና ፍሩክቶስ የተባሉ ሁለት ስኳሮች በጥቂት ውሃ ውስጥ ታጭቀው የሚኖሩበት ነገር ነው። ግሉኮሱ ውሃው ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ስለሆነ አጋጣሚ ይጠብቃል፤ አንዲት የአበባ ዱቄት ቅንጣት ወይም ያለፈው ዓመት ማር ርዝራዥ ስታገኘው በእሷ ዙሪያ መደርደር ይጀምራል። በደብረ ማርቆስ ብርድ ቶሎ ይረጋል፤ በአባይ በረሃ ሙቀት ግን ይዘገያል። የረጋውን ማር በማንኪያ ቆንጥሮ በጣት ላሸት ላደረገው ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፦ የሚሻክሩት ቅንጣቶች ግሉኮስ ብቻ ናቸው፤ በመካከላቸው የሚያጣብቀው ፈሳሽ ፍሩክቶሱና ከማሩ የቀረው ሁሉ ነው። ማሩ ራሱን በራሱ ለይቷል ማለት ነው። ቅንጣቶቹን ከፈሳሹ አጥልሎ የሚያጥባቸው ሰው ስለሌለ ብቻ ሁለቱ አብረው ይበላሉ።

ውሃ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ የተሟሟ ነገር መያዙ የክሪስታል ሥራ ሁሉ መነሻ ነው። እዚያ ለመድረስ ብዙ መንገድ አለ፤ የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው የሚሟሟው ነገር ጠባይ ነው። 100 ግራም ውሃ በ20 ዲግሪ 200 ግራም ያህል ስኳር ያሟሟል፤ በ80 ዲግሪ 360 ግራም ያህል። ስለዚህ ትኩሱን ሽሮፕ ማቀዝቀዝ ብቻ ብዙ ስኳር ያስጥለዋል። የወጥ ጨው ግን በ20 ዲግሪ 36 ግራም፣ በ80 ዲግሪ 38 ግራም ነው፤ ማቀዝቀዙ ምንም አያተርፍምና ውሃውን ማትነን ግድ ይላል።

ፔኒሲሊንን ለማትነን እሳት ላይ መጣድ አይቻልም፤ ሙቀት ያፈርሰዋል። መፍትሔው ግፊት መቀነስ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ፣ ባቄላ ንፍሮም ከቆላው ይልቅ እንደሚያስቸግር እናቶቻችን ቴርሞሜትር ሳይዙ ያውቁታል፤ ምክንያቱ ደጋው ላይ አየሩ መሳሳቱ ነው። ፋብሪካው አየሩን በፓምፕ እየሳበ ይህንኑ አብዝቶ ያደርገዋል። ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ወደ አሥራ አራተኛ እጁ ሲወርድ ውሃ በ40 ዲግሪ ይፈላል። በፖታሲየም ፔኒሲሊኑ ፈሳሽ ውስጥ ቡታኖል የተባለ አልኮል ይጨመርበታል፤ ቡታኖሉ ሲተን ውሃውን ይዞት ይወጣል፤ በሚቀረው ፈሳሽ ውስጥ ውሃው እያነሰ አልኮሉ ይበዛል፤ ጨዉ ደግሞ አልኮል ውስጥ ለመሟሟት ሰነፍ ነውና እየተገፋ በክሪስታል መልክ ይወጣል። ወደ ፈሳሹ ሌላ ፈሳሽ ጨምሮ የተሟሟውን ማስገደድ በሌሎች አንቲባዮቲኮችም የተለመደ ነው፤ ሴፍትሪያክሶን ሶዲየም ከውሃው የሚወጣው አሴቶን ሲጨመርበት ነው። ይህንን ትምህርት ቤት ውስጥ ለማየት የሚፈልግ መምህር የጠገበ፣ ማለትም ተጨማሪ ጨው የማያሟሟ፣ የጨው ውሃ ላይ ንጹሕ አልኮል ያፍስስበትና ይመልከት፤ የጠራው ውሃ ወዲያው ነጭ ጭጋግ ይለብሳል።

ክሪስታል ለምን ያነጥራል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ክሪስታሉ ውስጥ ያለው ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ የፔኒሲሊን ሞለኪውልና እያንዳንዱ ፖታሲየም እንደ ጡብ በቦታቸው ይደረደራሉ። ቅርጹ የማይገጥም እንግዳ ሞለኪውል ቢመጣ ረድፉ ላይ አይጸናም፤ ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ወደ ፈሳሹ ይገባል፤ ቦታውንም የሚገጥመው ይወስዳል። ልብ መባል ያለበት «ትንሽ ቆይቶ» የሚለው ነው። ያልገጠመው እስኪወጣ ጊዜ ካልተሰጠ የሚቀጥለው ረድፍ ይመጣና ይቀብረዋል። ክሪስታል የሚያነጥረው ሲታገሡት ነው የሚባለውም ስለዚህ ነው።

የዚህን ዋጋ በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። የፋርማሲ ተማሪ ሳለሁ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሠራነውን አስፕሪን እንድናነጥር ታዘዝን። ትኩሱ ፈሳሽ ቀስ ብሎ ጠረጴዛ ላይ እንዲቀዘቅዝ ተነግሮን ነበር፤ ምሳ ሰዓት ደርሶ ስለነበር እኔ ጠርሙሱን በረዶ ውስጥ ከተትኩት። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ነገር በአንዴ ነጥቶ እንደ ገንፎ ረጋ። ጓደኞቼ ሲያላግጡ እኔ ቀደምኳችሁ ብዬ ነበር። ዱቄቴ ደርቆ ሲታይ ግን እርስ በርሱ የተጣበቀ ጓል ሆኖ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ የእነሱ ደግሞ ረዣዥምና የሚያብለጨልጭ መርፌ መሰል ሆኖ ምንም ሽታ የለውም። ሽታው በችኮላ በተፈጠሩት ጥቃቅን ክሪስታሎች መካከል ታፍኖ የቀረው ፈሳሽ ነበር። በውሃ ባጥበው ባጥበው አልለቀቀም፤ ቆሻሻው ውጭ ሳይሆን ውስጥ ነበርና።

ስለዚህ አምራቹ ሁለት ነገር ይቆጣጠራል፦ ስንት ክሪስታል እንደሚወለድና የተወለደው በምን ፍጥነት እንደሚያድግ። ጤፍ የዘራ ገበሬ ይህን ሒሳብ ያውቀዋል። ዘሩ ታፍጎ ከተዘራ ቡቃያው እርስ በርሱ ይሻማና ሁሉም ቀጫጫ ሆኖ ይቀራል፤ በልኩ ሲዘራ ያገዳል። ፈሳሹ ከልክ በላይ ሲጠግብ ክሪስታሎች በአንዴ እንደ ዶፍ ይወርዳሉ፤ ሁሉም ደቃቅ ይሆናሉ። ይህ ከመሆኑ በፊት፣ ፈሳሹ ገና በመጠኑ ሲጠግብ፣ ቀድሞ ከተሠራው ንጹሕ ክሪስታል ጥቂት ተፈጭቶ ይበተንበታል። እርሾ ማለት ይቻላል፤ ያለፈው ሊጥ አዲሱን እንደሚያስነሣ ያለፈው ክሪስታልም አዲሱን መልክ ያስይዘዋል። ከዚያ በኋላ ማቀዝቀዙም ማትነኑም የሚካሄደው የተበተነው ዘር ብቻ እያደገ ሌላ አዲስ እንዳይወለድ ሆኖ ነው።

ካደገ በኋላ ይጠለላል፣ ይታጠባል። ማጠቢያው ከፈሳሹ ጋር የሚዋሃድ፣ ክሪስታሉን ግን የማያሟሟው መሆን አለበት፤ ለፖታሲየም ፔኒሲሊን የቀዘቀዘ ቡታኖል ይሆናል። በውሃ ቢታጠብ ጨዉ ከቆሻሻው ጋር ተያይዞ ይሄዳል። የተጠለለው ፈሳሽ ውስጥም መድኃኒት ስለሚቀር ወደ ሥራው ተመልሶ ይገባል፤ ነገር ግን ለዘላለም መመላለስ አይችልም፤ በዞረ ቁጥር ጉድፉ እየተከማቸበት ይሄዳልና አንድ ቀን መጣሉ አይቀርም።

ደጋግሞ ማንጠርም ዋጋ አለው። በእያንዳንዱ ዙር ከመቶ ዘጠናው ቢተርፍ ከሦስት ዙር በኋላ የሚቀረው 73 ያህል ነው። ደግሞም አንዳንድ ጉድፍ ከዋናው ሞለኪውል ጋር በመልክ እጅግ ስለሚቀራረብ ረድፉ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ እንዲህ ያለውን ክሪስታል ቢደጋግሙትም አያወጣውም። እሱን ቀድሞ በሌላ መንገድ ማስወገድ ያስፈልጋል። የመድኃኒት ጥራት መርማሪዎች ከነጭነቱ አልፈው በመሣሪያ የሚለኩትም በዓይን የሚታይ ነጭነት ይህንን ስለማይናገር ነው።

በመርፌ የሚሰጥ ዱቄት ላይ አንድ ተጨማሪ ጭንቀት አለ። ጀርም አልባ መሆን አለበት፤ ሆኖም ፔኒሲሊንን ቀቅሎ ጀርም መግደል አይቻልም። ስለዚህ ፈሳሹ ክሪስታል ከመሆኑ በፊት ቀዳዳው 0.22 ማይክሮሜትር በሆነ ማጣሪያ ያልፋል፤ ባክቴሪያ በዚያ አያልፍም። ከዚያ በኋላ ክሪስታል ማውጣቱም፣ ማጠቡም፣ ማድረቁም፣ ብልቃጥ መሙላቱም ጀርም በሌለበት ዝግ ክፍል ውስጥ ይጠናቀቃል። ክፍሉ ከሌሎች መድኃኒቶች መሥሪያ ተለይቶ መቆሙም ግዴታ ነው፤ ከአየር ላይ የሚያርፍ ጥቂት የፔኒሲሊን ብናኝ ለአለርጂ በሽተኛ ሌላ ክኒን ውስጥ ተደብቆ ሊደርሰው ይችላልና።

ማድረቅ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። አንዳንድ ክሪስታል ውሃን በረድፉ ውስጥ እንደ አንድ ጡብ አድርጎ ይዞ ይኖራል። በየቤቱ የምናውቀው የአሞክሲሲሊን ካፕሱል በአንድ ሞለኪውል ሦስት ውሃ የያዘ ክሪስታል ነው፤ ከልክ በላይ ቢደርቅ ውሃው ይወጣና ረድፉ ይናዳል፣ ዱቄቱም ቶሎ የሚበላሽ ይሆናል። አሞክሲሲሊን በነገሩ ለየት ያለ ነው፤ አሲድነትም ቤዝነትም በአንድ አካሉ ላይ ስላለው ክሪስታል ለመሆን የውጭ ጓደኛ አያስፈልገውም፤ ፒኤቹ ወደ 5 አካባቢ ሲደርስ ራሱን በራሱ አጣጥሞ ከውሃው ይወርዳል። በዶክሲሳይክሊን ማሸጊያ ላይ የምናነበው «ሃይክሌት» የሚለው እንግዳ ቃልም የክሪስታል ስም ነው፦ ሃይድሮክሎራይድ ሆኖ በሁለት ሞለኪውል አንድ አልኮልና አንድ ውሃ በረድፉ ውስጥ ያስገባ ማለት ነው። 100 ሚሊግራም ተብሎ የሚጻፈው የዶክሲሳይክሊኑ ብቻ እንጂ የእነዚህ ሁሉ ድምር አይደለም።

የአደራደሩ ጉዳይ ምን ያህል እንደሚያሳስብ ክሎራምፌኒኮል ፓልሚቴት አስተምሯል። ይህ ለሕፃናት በሽሮፕ መልክ የሚሰጥ፣ ጨው ሳይሆን ከስብ አሲድ ጋር የተያያዘ መድኃኒት ነው። ያው ሞለኪውል በሁለት ዓይነት መደርደር ይችላል። አንደኛው ዓይነት አንጀት ውስጥ ተሟሙቶ ይሠራል፤ ሁለተኛው ይበልጥ የጸናው ዓይነት ግን ስለማይሟሟ ሕፃኑ ጠጥቶት እንዳልጠጣ ይሆናል። በኬሚስትሪ ቢመረመር ሁለቱም ያው ናቸው፤ ልዩነቱ በረድፉ ላይ ብቻ ነው።

ክሪስታል የምንፈልገው ለማንጠር ብቻም አይደለም፤ ለማቆየትም ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚመጣ የመድኃኒት ጭነት ደጀን ሳይደርስ የአባይን በረሃ ያቋርጣል። የደረቀው ክሪስታል ፔኒሲሊን ያን ሙቀት ይችለዋል፤ ሞለኪውሎቹ በረድፋቸው ታስረው ስለሚቆዩ ሊያፈርሳቸው ከሚችለው ውሃ ጋር አይገናኙም። በመርፌ ውሃ ከተበጠበጠ በኋላ ግን ዕድሜው በክፍል ሙቀት አንድ ቀን፣ በማቀዝቀዣ ደግሞ ቢበዛ አንድ ሳምንት ነው። የተበጠበጠውን «ገና አለ» ብሎ ማሳደር ክሪስታሉ ያተረፈውን ሁሉ መልሶ ማጥፋት ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ክሪስታል ባልተፈለገበት ቦታ ይወለዳል። ሴፍትሪያክሶን ከሶዲየም ጋር ሲሆን እንደ ልብ ይሟሟል፤ ካልሲየም ሲያገኝ ግን ሶዲየሙን ትቶ ከካልሲየሙ ጋር የማይሟሟ ጨው ይሆናል። ሪንገር ላክቴት የተባለው በደም ሥር የሚንጠባጠብ ፈሳሽ ካልሲየም አለበት። ሁለቱ በአንድ ቱቦ ቢገናኙ የሚፈጠረው ነጭ ብናኝ በፋብሪካው ጋን ውስጥ ከሚወርደው የተለየ አይደለም፤ የሚወርደው ግን በሰው ደም ሥር ውስጥ ነው። በጨቅላ ሕፃናት ላይ ሞት ስላደረሰ ሁለቱን ማገናኘት ተከልክሏል። ነርሶቻችን ሴፍትሪያክሶን ሲሰጡ ስለ ሪንገሩ የሚቆጣጠሩት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ስናኑ አባት ጥያቄ መመለስ ይቻላል። እሳቸው የተወጉት የፖታሲየም ወይም የሶዲየም ጨው ነው። ሁለቱም ጓደኞች ውሃ አፍቃሪ ስለሆኑ ክሪስታሉ ብልቃጡ ውስጥ እያለ ይሟሟል፤ ደም ውስጥ የሚገባው የተሟሟው ነው። መድኃኒቱ በአንዴ ይደርሳል፤ ኩላሊት ደግሞ ፔኒሲሊንን በፍጥነት ስለምትጠርግ በግማሽ ሰዓት ያህል ግማሹ ይወገዳል። የሌሊቱን መርፌ ያመጣባቸው ይህ ነው። ጓደኛውም ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ በአንድ ሚሊዮን ዩኒት ፖታሲየም ፔኒሲሊን ውስጥ 65 ሚሊግራም ያህል ፖታሲየም አለ፤ በቀን ሃያ ሚሊዮን ለሚወስድና ኩላሊቱ ለደከመ በሽተኛ ይህ ይቆጠራል።

ቤንዛቲን የሌላ ዓይነት ጓደኛ ነው። ሁለት እጅ እንዳለው ሰው ሁለት ናይትሮጂን አለውና በእያንዳንዱ አንድ አንድ ፔኒሲሊን ይይዛል። የሚሟሟ ፔኒሲሊን ያለበት ጥርት ያለ ውሃ ቤንዛቲን አሲቴት ያለበት ሌላ ጥርት ያለ ውሃ ሲያገኝ ቅይጡ ወዲያው ወተት ይመስላል፤ የተፈጠረው ጨው አንድ ግራሙን ለማሟሟት ከ5 ሊትር ያላነሰ ውሃ ይፈልጋልና። የሥራው አስቸጋሪነትም ይህ ፍጥነት ነው። ሁለቱ በአንዴ ቢቀላቀሉ የእኔ አስፕሪን ዕጣ ይደርሰዋል፤ ደቃቅና ተጣባቂ ጓል ይሆናል። ስለዚህ አንደኛው በሌላው ላይ በዝግታ እየተንጠባጠበ፣ ዘር ተበትኖበት፣ እየተማሰለ ይሠራል። ጠቀሜታው እኛ ዘንድ ይታያል። ቅንጣቶቹ ሲያንሱ መድኃኒቱ በፍጥነት ያልቃል፤ ሲተልቁ ወይም ሲጓጉሉ መርፌውን ይደፍኑታል። ቤንዛቲን የወጋ ነርስ ሁሉ መርፌ ተደፍኖበት ያውቃል። ብልቃጡን አስቀድሞ በደንብ ማወዛወዝ፣ ወፈር ያለ መርፌ መጠቀምና ከቀዱ በኋላ ሳይዘገዩ መውጋት የሚመከረውም ቅንጣቶቹ ቆመው እንዳይዘቅጡ ነው። በደም ሥር ከቶ የማይሰጠውም በዚሁ ጠባዩ ምክንያት ነው፤ የማይሟሟ ቅንጣት ደም ውስጥ ቢገባ ልብን እስከ ማቆም ይደርሳል።

ጡንቻ ውስጥ ግን ክምሩ በቦታው ያርፋል። በዙሪያው ያለው የሰውነት ፈሳሽ ጥቂት ነው፤ የሚያሟሟው ደግሞ በጣም ጥቂት በጥቂት ነው። በየሰዓቱ ከክምሩ ላይ ጥቂት ሞለኪውሎች ረድፋቸውን ለቀው ይወጣሉ፤ ፔኒሲሊኑ ከቤንዛቲኑ ይለያይና ወደ ደም ይገባል፤ ኩላሊትም እንደተለመደው ትጠርገዋለች፤ ከክምሩ ግን ሌላ ይተካል። በፋብሪካው ጋን ውስጥ በሰዓታት የተደረደረው ረድፍ እዚህ በሳምንታት ይፈታል። በአራተኛው ሳምንት የልጅቷ ጡንቻ ውስጥ የሚቀረው ደሟን ለመጠበቅ የማይበቃ ሲሆን፣ አባትየው እንደገና ከስናን የሚወርዱበት ቀን ደርሷል።